«ምች ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አራስ እናቶች ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢውና የመሰለሽን በይ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ወሎ አራስ ቤት ነው። ስለ ገንፎው፣ ስለ አጥሚቱ፣ አራስ ሊጠይቁ ስለሚመጡ ሴቶች ወግ የሚያወራው ክፍል ልብ ይነካል። ጸሐፊው አገራቸውን እንደሚወዱ ያስታውቃል። ከዚያ ቀጥለው የሰጡት ምክር ግን አስፈራኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። አዋላጅ ነርስ ነኝ። በደቡብ ወሎ ደጋ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ልጆችም ወልጃለሁ።

ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ሴት ከተገላገለች አደጋው አልፏል። የሚፈሰው ደም «ቆሻሻ ደም» ስለሆነ ይውጣ ተብሎ ይተዋል። ራስ ምታትና ትኩሳት ምች ወይም ብርድ ነው፤ መድኃኒቱም ጓሮ አለ። አራስ ብትንቀጠቀጥ ዛር ወይም ጂን ነው። አራስ አርባ ቀን ከአልጋ አትውረድ። የሚያለቅሱ አራሶችን የያዛቸው የዘመኑ ቅብጠት ነው። በመጨረሻም፣ አያቶቻችን ያለ ሐኪም አሥር ወልደው አሳድገዋልና ጤና ተቋም ለአራስ አያስፈልጋትም።

በተራቸው አልሄድም። ከምቹ ልጀምር። እኔን ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነውና።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት ጤና ተቋም ውስጥ ነው። ምጡ ቀላል ነበር። በስድስት ሰዓት ውስጥ ወደ ቤቴ ተሸኘሁ። ስወጣ የደም ግፊቴን የለካኝ ሰው አልነበረም። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አልጠየቅኩም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ራሴን አመመኝ። ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ጠፍንጎ ያዘኝ። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። አማቴ ደግሞ «ምች ነው ልጄ፤ ትናንት በረንዳ ላይ ፀሐይ መቶሽ ነው» አሉኝ። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፉ፣ አሹት፣ ጭማቂውን በቡና አጠጡኝ። የቀረውን ግንባሬን ቀቡኝ። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ። በቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር ያመኝ ጀመር። እሱንም የገንፎው ቅቤ ነው አልነው።

ማታ ላይ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ የወረኢሉ ሰው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። «ዓይንሽን ምን ይልሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ባጃጅ ጥሩ» አሉ። ለምን እንደሆነ ለአማቴ እንኳ አላስረዱም። ሆስፒታል ስደርስ ግፊቴ 170 በ110 ነበር።

ይህ የደም ግፊት ሕመም ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ብዙ ሰው የነፍሰ ጡር በሽታ ብቻ ይመስለዋል። ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ደህና የነበረች ሴትም ሊይዛት ይችላል። ከወሊድ በኋላ ግፊት ይበልጥ ከፍ የሚለው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት የእኛ አራስ የት ናት? ቤቷ ናት። የሚለካላት የለም። 140 በ90 ሲደርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። 160 በ110 ከደረሰ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ካልታከመ አራሷ ልትንቀጠቀጥ፣ አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ፣ ኩላሊትና ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ ነው። ውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ በብዙ አገሮች የተደረገ ጥናት የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲሰጠኝ መላ አካሌን እሳት የነካው ያህል ሞቀኝ። በማግስቱ ራሴን ለቀቀኝ።

እኔ ዳማከሴን አልጠላም። ጉንፋን ሲይዘኝ ዛሬም እጠጣዋለሁ። የምፈራው «ምች» የሚለውን ስም ነው። ስሙ አንዴ ከወጣ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል። አራስ ሴት ራሷን ካመማትና ሕመሙ አልለቅ ካላት፣ ዓይኗ ከጨለመባት ወይም ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ከእንብርቷ በላይ ካመማት፣ ፊቷና እጇ ድንገት ካበጠ መጀመሪያ ግፊቷ ይለካ። ጤና ጣቢያ ይለካል። ምች ከሆነ ዳማከሴው የትም አይሄድም፤ ከልኬቱ በኋላም ጓሮ ውስጥ አለ።

ስለ መንቀጥቀጡ ጸሐፊው ዛር ወይም ጂን ነው ይላሉ። የማንንም እምነት አልነካም። እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ጉባኤ፣ ሲቀመጡልኝ አሜን ብያለሁ። ግን የምትንቀጠቀጥ አራስ ጊዜ የላትም። በጎኗ ትተኛ። አፏ ውስጥ ምንም አይከተት። በፍጥነት ወደ ሐኪም ትወሰድ። ጸሎቱም ዱዓውም በመንገድ ላይ ይደረግ።

አሁን ወደ ደሙ። «ቆሻሻ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚለውን ከብዙ ደግ እናቶች አፍ ሰምቻለሁ። በጽሑፍ ሳየው ግን ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ ማህፀን ይሄዳል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የተጣበቀበት ቦታ ክፍት ቁስል ሆኖ ይቀራል። ያን ሁሉ የደም ሥር የሚዘጋው የማህፀኑ ጡንቻ ነው። ተኮማትሮ እንደ ቡጢ ሲጠነክር ደም ሥሮቹን አንቆ ይይዛቸዋል። ጡንቻው ከላላ፣ ወይም የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ፣ ደሙ አይቆምም። የሚወጣውም ቆሻሻ አይደለም። የእናትየዋ የራሷ ደም ነው፤ ለልቧና ለአንጎሏ የሚያስፈልጋት ደም። በዓለም ዙሪያ ከወሊድ ጋር በተያያዘ እናቶችን በብዛት የሚገድለውም ደም መፍሰስ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር እውነት ብለዋል። ከወሊድ በኋላ ደም መታየቱ ጤናማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀይ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ሮዝና ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫማ ነጭ ይለወጣል። እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ ቁም ነገሩ ይህ ነው። አንድ ፓድ ወይም የታጠፈ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ብዙ ነው። እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ከወጣ ብዙ ነው። ቀለሙ ነጥቶ የነበረው እንደገና ደማቅ ቀይ ሆኖ ከመጣም ሐኪም ይየው። ላብ ላብ ካላት፣ ከዞረባት፣ ልቧ ከፈጠነ ሳይዘገይ ትወሰድ።

አንዲት እናት አልረሳም። በዘጠነኛ ቀኗ በቃሬዛ አመጧት። ከመኪና መንገድ የራቀ ሰፈር ነበር፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ገደሉን አወረዷት። ቤት የወለደች ናት። ሦስት ቀን ደም ሲፈሳት «ይውጣላት» እየተባለ ጨርቅ ይቀየርላት ነበር። ጤና ጣቢያ ስትደርስ መዳፏ እንደ ወረቀት ነጥቷል። የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማህፀኗ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ግሉኮስ ሰክተን በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላክናት። ባሏ ደም ሰጣት። ተረፈች። ወር ከምናምን ቆይታ ልጇን ልታስከትብ ስትመጣ በእግሯ ነበር የመጣችው። ያን ቀን አለቀስኩ።

ጡት ማጥባት ለዚህም ይረዳል። ሕፃኑ ሲጠባ የእናትየዋ ሰውነት ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ማህፀኑም ይኮማተራል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ስጡ የምንለው ለሕፃኑ ብቻ ብለን አይደለም። ስታጠባ ሆዷን ቁርጠት ቢጤ የሚይዛትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትኩሳትን በተመለከተ፣ ጸሐፊው «ብርድ መቷት ነው» ይላሉ። የደሴን ብርድ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ግን ብርድ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት አያመጣም። አራስ ካተኮሳት፣ ከእንብርቷ በታች ካመማት፣ የሚወጣት ፈሳሽ ከሸተተ ማህፀኗ ቁስል ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተያዘ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል። ከዘገየ ወደ ደም ይገባል። በኦፕሬሽን የወለደች ከሆነች ቁስሉን በየቀኑ ማየት ነው፤ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ከተከፈተ ትመለስ። አንድ ጡቷ ቀልቶና ጠጥሮ ካተኮሳትም መታከም አለባት። ማጥባቱን ግን አታቁም፤ ወተቱ ሲጠራቀም ይብስባታል።

ብርዱን ካነሳን አይቀር፣ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይቅር። አራሷንም ሕፃኑንም ሳያስነሳ ይገድላል።

አርባ ቀን ከአልጋ አለመውረድ በሚለው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ወግ ሆኖ እንስራ ከማዘል፣ እንጨት ከመልቀም፣ ወፍጮ ቤት ከመመላለስ አራስን የጠበቃት አርባ ቀኑ ነው። ቶሎ ከባድ ሥራ የጀመሩ ብዙ ሴቶች ማህፀናቸው ወደ ታች ሲወርድ አይቻለሁ። ያ ዕረፍት መቅረት የለበትም። ማረፍና አለመንቀሳቀስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሴት ደም ቶሎ ይረጋል፤ ሰውነት ራሱን ከመፍሰስ የሚከላከልበት መንገድ ነው። ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ሲጨመርበት እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ምልክቱ አንድ እግር ለብቻው ማበጥና ባት ላይ ማመም ነው። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ደረት ይወጋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በዚህ ምክንያት በሰዓታት ውስጥ የሞተች አለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀስ፣ ደጅ ወጣ ብላ ትመለስ፣ ውኃ ትጠጣ። ሥራው ለሌላ ሰው ይሁን።

ስለሚያለቅሱት አራሶች የተጻፈው በጣም አሳዝኖኛል። «ቅብጠት» የሚለውን ቃል ያነበበች አንዲት አራስ ልትኖር ትችላለች ብዬ አስባለሁ። ለእሷ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳል፤ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ግን፣ ልጅሽን ስታዪ ምንም ስሜት ካልመጣልሽ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ ሕመም ነው። ጥፋትሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉን የአእምሮ ሕመም፣ በተለይ ድባቴ፣ እንደሚይዛቸው ይናገራል። እንደኛ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከአምስት አራሶች አንዷ እንደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሴት ቀበጥ ልንላት ነው?

የወሎ አራስ ቤት እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ጎረቤት ምግብ ይዛ ትመጣለች። ቡናው ይፈላል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ጸሐፊው ይህን ያወደሱት ልክ ነው። ችግሩ ጠያቂው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሕፃኑ መሆኑ ነው። «ማንን መሰለ?» «ይጠባል?» እናትየዋን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጥቂት ነው። ባሎች፣ እናንተንም ይመለከታል። ከሺህ ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቷ ደግሞ ከበድ ያለ ነገር ይገጥማቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ንግግራቸው ይለወጣል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማሉ፣ ሕፃኑን ይፈሩታል። እንዲህ ያለችውን ለደቂቃ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን መተው አይገባም። ሆስፒታል ትሂድ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ምጥ በዝቶባት የወለደች ሴት ሽንቷ ያለማቋረጥ ከፈሰሳት ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህች ሴት ብዙ ጊዜ አትናገርም። ሽታውን ፈርታ ከሰው ትርቃለች። ሕክምና አለው። ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው የመሠረቱት የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ባሕር ዳር ላይም ማዕከል አለው፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ ደግሞ አንዳንዱ ያለ ኦፕሬሽን በሽንት ቱቦ ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ ተናገሩ።

አሁን የመጨረሻው። አያቶቻችን አሥር ወልደዋል። እውነት ነው። የእኔም አያት ዘጠኝ ወልዳለች። ግን ይህን የነገሩን በሕይወት የቀሩት ናቸው። የሞተችው ሴት አያት አልሆነችም። በየመንደራችን እናቱ በወሊድ ሞታ በአክስቱ እጅ ያደገ ሰው ጠይቁ፣ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ ለየ100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ገምቷል። በ2016ቱ ጥናት 412 ደርሷል። አሁንም ብዙ ነው። ግን የቀነሰው እናቶች ወደ ጤና ተቋም መሄድ በመጀመራቸውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በመዞራቸው ጭምር ነው። ያው የ2016ቱ ጥናት ግን በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ባለሙያ ያያቸው እናቶች 17 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይነግረናል። ክፍተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከምጡ በኋላ ያለው ጊዜ።

ጸሐፊው «ተቋሙ ሴትን ያንጓጥጣል፣ በሽታም ያስይዛል» ያሉትን አልክድም። የሚያመናጭቅ ባለሙያ አይቻለሁ። እኔን ራሴን ግፊቴን ሳይለካ ነው የሸኘኝ። በታሪክም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ቪየና ውስጥ ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል ይልቅ ብዙ ነበሩ። ሰመልዋይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሞቹን በክሎሪን ውኃ እጃቸውን ሲያስታጥብ ሞቱ ወዲያው ቀነሰ። መፍትሔው ክፍሉን መዝጋት አልነበረም። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ዕቃቸው ተዘርፏል። የግፊት መለኪያና ማህፀን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን መርፌ የሚቀመጥበት ፍሪጅ እንኳ የጎደለበት ቦታ ነበር። ይህን ማስተካከል የመንግሥትም የእኛ የባለሙያዎችም ግዴታ ነው።

እስከዚያው አራሷ መብቷን ትወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ ትቆይ ይላል። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንት ትታይ ይላል። ከመውጣትሽ በፊት «ግፊቴን ለኩልኝ፣ ደሜን እዩልኝ» በይ። እኔ አላልኩም ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ጎረቤታችንን ጠየቅኳቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ እንዴት እንዳወቁ ገርሞኝ ነበር። ቡናው እየፈላ ነበር። ጥቂት ዝም አሉ። «ታናሽ እህቴ በስምንተኛ ቀኗ ‹ዓይኔ ጨለመ› አለችኝ» አሉ። «ምች ነው አልኳት። ዳማከሴውን የጨመቅኩላት እኔ ነበርኩ።»